በረኪና ያልቻለው ሻጋታ፦ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንለይ

የጠያቂዋ መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጀሞ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን ስንኖር ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ጥግ ጥጉን ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። አሁን ደግሞ መታጠቢያ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ በሚለየው ግድግዳ፣ በመኝታ ቤቱ በኩል፣ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ላይ ወጥቷል። በየሦስት ሳምንቱ በበረኪና እፈትገዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ ‹መስኮት ስለማትከፍቱ ነው፤ ከፈለጋችሁ ቀለም ቅቡት› ይላሉ። የአራት ዓመት ልጄን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። አደገኛ ነው ወይ? በማን ወጪ ይሠራ? ወይስ ቤቱን እንልቀቅ?»

እህቴ፣ መልእክትዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደግሜ ያነበብኩት ስለ ቁም ሳጥኑ ጀርባ በጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው፤ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ እመለስበታለሁ። ሥራዬ የሕንፃ ውሃ መስመርና የእርጥበት ጥገና ነው። እኔን የሚጠሩኝ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ሦስት አራት ጊዜ ከተቀባና ተከራይና አከራይ ከተኳረፉ በኋላ ነው። እርስዎ ገና ሳይኳረፉ መጠየቅዎ ብዙ ነገር ያቀልልናል።

ከልጁ እንጀምር። የቤት እርጥበትና ሻጋታ ከሳል፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከአስም መባባስ ጋር እንደሚያያዝ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ አስቀምጦታል። ሕፃናት፣ አስም ያለባቸውና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ይጎዳሉ። የልጅዎ ሳል ከዚህ ይምጣ ከሌላ መለየት የሐኪም ሥራ ነው። ግን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ሌሊት ያስለዋል» ብለው ብቻ አይመለሱ። «የሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሻጋታ አለ» ይበሉ፤ አያቱ ዘንድ ወይም ሌላ ቤት ሲያድር ይሻለው እንደሆነም አስተውለው ይንገሩ። ይህ መረጃ ሐኪሙ የሚጠይቀውንም የሚመረምረውንም ይለውጣል። ዛሬውኑ ደግሞ አልጋውን ከዚያ ግድግዳ ያርቁ፤ የሚቻል ከሆነ ግድግዳው እስኪጠገን ሳሎን ይተኛ።

«ጥቁሩ መርዛማው ነው» የሚለውን ወሬ ሰምተው ከሆነ፣ ሻጋታ በቀለሙ አይለይም። ጥቁር የሆኑ የሻጋታ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የምናያቸውም አብዛኞቹ ጥቁር ናቸው። ዓይነቱን ላቦራቶሪ ወስዶ ለማስመርመር ገንዘብ አያውጡ። ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሚደረገው ውሃውን ማቆም፣ ሻጋታውን ማንሳትና ቦታውን ማድረቅ ነው።

አይሸበሩ ስል ችላ ይበሉት ማለቴ አይደለም። እንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ አዋብ ኢሻቅ የሚባል ከሱዳናውያን ወላጆች የተወለደ ሕፃን፣ ሁለተኛ ዓመቱን ባከበረ በሳምንቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ሞተ። የሞቱን ምክንያት ያጣራችው ዳኛ በ2022 እንዳሳወቀችው፣ ሕፃኑን የገደለው በተከራዩት ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ ያመጣበት የመተንፈሻ አካል ሕመም ነበር። አባቱ ከ2017 ጀምሮ አቤት ሲል «ቀለም ቀባበት» ተብሎ ነበር፤ ጥፋቱም በቤተሰቡ አኗኗር ላይ ተላክኮ ነበር። በ2023 እንግሊዝ በልጁ ስም የሚጠራ ድንጋጌ አወጣች፤ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች የእርጥበትና የሻጋታ አቤቱታ ሲደርሳቸው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያጣሩና እንዲጠግኑ ያስገድዳል። ይህን ያነሳሁት እርስዎም የተሰጡት መልስ ያው ስለሆነ ነው። «መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር አንዳንድ ቤት ላይ ልክ ነው፤ ሌላ ቤት ላይ ግን ልጅ እስከ ማሳጣት የሚደርስ ስህተት ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እንጀራን ያስቡ። ትኩሱን እንጀራ እንፋሎቱ ሳይወጣ መሶብ ውስጥ ደራርበው ቢከድኑት ያልበዋል፤ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል። አብርደው ያስቀመጡት ይቆያል። ድርቆሽ ያደረጉት ደግሞ ወራት አልፎት እንኳ አይሻግትም። ዱቄቱ አንድ፣ እርሾው አንድ፣ ቤቱም አንድ ነው፤ የሚለያያቸው ውሃው ነው። የሻጋታ ዘር እኮ በዓይን የማይታይ ዱቄት ሆኖ በየቤቱ አየር ውስጥ አለ፤ እርስዎም ቤት፣ እኔም ቤት። የሚበቅለው እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ቦታ ሲያገኝ ነው። በረኪናው የበቀለውን ያጠፋል፤ ግድግዳው እርጥብ ሆኖ ከቀጠለ ግን በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ይበቅላል። ስለዚህ ውሃው ያለበትን ሳይፈልጉ በረኪና ብቻ መጨመር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ውሃ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከእንፋሎት፣ ከተበላሸ ቧንቧ ወይም ከሻወሩ ሥር ከሚሰርግ፣ አለዚያም ከላይ ካለው ጎረቤት። ውጭውን ግድግዳ እየበሳ የሚገባ ዝናብም አለ፤ ያ ግን በእርስዎ ሁኔታ አይመስልም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ ብቅ የሚልና በበጋ የሚደርቅ ከሆነ ያኔ እናስበው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። እርስዎ የጻፉት ስለ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው። የጣሪያው ጥግ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ የእንፋሎት ጠባይ አለው። በ20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ገደማ ውሃ ተሸክሞ መቆየት ይችላል፤ 10 ዲግሪ ሲደርስ ግን ከ9 ግራም ገደማ በላይ አይችልም። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ እዚያው አካባቢ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ማታ በሙቅ ውሃ ስትታጠቡ የሞላው እንፋሎት ቀዝቃዛውን የጣሪያ ጥግ ሲነካ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ጥጉ የሚመረጠው አየር የማይዘዋወርበትና ከውጭው ግድግዳ ጋር የሚገናኝ ቀዝቃዛ ቦታ ስለሆነ ነው።

መታጠቢያ ቤቱንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ግን የውስጥ ግድግዳ ነው። በሁለቱም በኩል ክፍል አለ፤ እንደ ውጭው ግድግዳ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ጤዛ እንዲህ በቀላሉ አይይዝም። እዚያ ላይ ሻጋታ ሲወጣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በግድግዳው ውስጥ የሚያልፍ ቧንቧ ወይም ከሻወሩ በኩል የሚሰርግ ውሃ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያጣሩልኝ፤ ቁም ሳጥኑ የቆመበት ጥግ ከውጭው ግድግዳ ጋር የሚገጥም ከሆነና ሻጋታው ያለው በውጭው ግድግዳ በኩል ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ እሱም እንፋሎት ሊሆን ይችላል።

ይህን የምለው ከስህተት ተምሬ ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቤተሰብ ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ፤ የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ሻግቷል። ገብቼ አየሁ፤ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ልብስ ቤት ውስጥ ተሰጥቷል። «ቤቱን አናፍሱ» ብዬ ተመለስኩ። ከአምስት ወር በኋላ ሴራሚኩን ስናፈርስ ከቦይለሩ የሚወርደው የሙቅ ውሃ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ጠብ ጠብ እያለ ብሎኬቱን አርሶት ነበር። በእነዚያ አምስት ወራት እናትየዋ በብርድ መስኮት ከፍታ ስታድር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ፣ ሳልሞክር አፌን አልከፍትም።

ሙከራዎቹ ቀላል ናቸው፤ ባለሙያም አይፈልጉም። የመጀመሪያው የላስቲክ ነው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ያርቁና የሻገተውን ቦታ አጽድተው (እንዴት እንደሚጸዳ ከታች እነግርዎታለሁ) ላዩ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ ክንድ በክንድ የሚሆን ንጹሕ የሚያሳይ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በደንብ በሚይዝ ፕላስተር ያሽጉት። ለሁለት ቀን ይተዉት። ውሃው ወደ እርስዎ በሚያየው የላስቲኩ ገጽ ላይ ከያዘ ከክፍሉ አየር የመጣ እንፋሎት ነው። ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ካላበው ወይም ግድግዳው ጠቆር ካለ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ይህን ሙከራ ጣሪያው ላይም ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው የቆጣሪ ነው። ውሃ በመጣበት ቀን፣ ሁሉም ዕቃ ከሞላ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ይዝጉ፤ የሽንት ቤቱ ታንክ መሙላቱን መጨረሱንም ያረጋግጡ። የቆጣሪውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመው ያንሱ። ምንም ውሃ ሳትጠቀሙ ቁጥሩ ከተለወጠ ወይም ትንሿ መዘውር ከዞረች የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ሮቶ ካላችሁ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ከሮቶው በኋላ የሚፈሰውን ቆጣሪው አያሳይም። ማታ ስትተኙ የሮቶውን የውሃ ልክ ምልክት አድርጉበትና ጠዋት እዩት። ሮቶው የጋራ ከሆነ ይህኛው አይሠራም፤ በላስቲኩ ውጤት ይቀጥሉ።

ቧንቧው ደህና ሆኖ ግድግዳው ግን ከውስጥ የሚያልበው ከሆነ፣ ሻወሩን እንጠረጥራለን። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ቦያካ ተሰንጥቆ ወይም ረግፎ እንደሆነ ይዩ፤ ሴራሚኩ ከሻወሩ ራስ በታች የሚያልቅ ከሆነም ከላይ የሚረጨው ውሃ በቀጥታ ልስኑን እያራሰው ነው። ለአምስት ቀን ያንን ግድግዳ ውሃ ሳታስነኩ በሳፋ ታጠቡ። የመኝታ ቤቱ በኩል መድረቅ ከጀመረ አገኘነው።

የጎረቤቱን ውሃ መለየት ከሁሉም ይቀላል። ከላይ የሚመጣ ውሃ ጣሪያው ላይ ዙሪያው ቡናማ ወይም ቢጫ የሆነ ክብ ያወጣል፤ ቀለሙን ይነፋዋል፤ አንዳንዴ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ይተዋል። እርስዎ የጻፉት ጥግ ጥጉን የተበተነ ነጠብጣብ ስለሆነ እኔ ጎረቤትዎን አልጠረጥርም፤ ክብ ነገር ካዩ ግን ይንገሩኝ።

እንግዲህ የጣሪያው እንፋሎት ነው ብለን እንነሳ። ይህኛው በእርስዎ እጅ ነው፤ እዚህ ላይ ባለቤቱ ያሉት ልክ ነው። መጀመሪያ የአየር ማስወጫዋን ቀዳዳ ይፈልጉ። በብዙ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ብርድ ወይም ሽታ ገባ ተብሎ፣ በረሮ መጣ ተብሎ፣ ቀዳዳዋ በፌስታልና በጨርቅ ተወትፋ አገኛታለሁ። ክፍት ከሆነች የሽንት ቤት ሶፍት ቁራጭ ያስጠጉላት፤ ወደ ውስጥ ከሳበችው ትሠራለች። ካልሳበችው የበሩን ሥር ይመልከቱ፤ በሩ ወለሉን ነክቶ የሚዘጋ ከሆነ አየር የሚገባበት ስለሌለ የሚወጣም አይኖርም፤ ከሥር ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ያስፈልጋል። መስኮት ካለ ከታጠባችሁ በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግታችሁ መስኮቱን ክፈቱ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ እንፋሎቱ እንዲወጣ ብሎ በሩን ወደ ቤት ይከፍታል፤ እንፋሎቱም ሄዶ መኝታ ቤት ያድራል።

«ክረምት ላይ ውጭው ራሱ እርጥብ ነው፤ መክፈቱ ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ ብዙ ነው። ይጠቅማል። ዝናብ ባለበት ቀንም ቢሆን የውጭው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ የተሸከመው ውሃ ገና ከታጠባችሁበት ክፍል አየር ያነሰ ነው፤ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ መያዝ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ከፍቶ መዝጋት ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመተው ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ልማዶች አሉብን፤ ሁለቱም የመጡት ከችግር እንጂ ከስንፍና አይደለም። አንደኛው ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣት ነው። በእጅ የተጨመቀ አንድ ሳፋ ልብስ በሊትር የሚቆጠር ውሃ ይዞ ነው የሚሰቀለው፤ ሲደርቅ ያ ሁሉ ወደ ቤቱ አየር ይገባል። በረንዳ ከሌለ መስኮቱ ተከፍቶ በሩ የተዘጋ አንድ ክፍል ይምረጡ፤ መኝታ ቤቱን ግን በጭራሽ። ሁለተኛው ውሃ በተራ ስለሚመጣ መታጠቢያ ቤቱን የምንሞላው በርሜልና ባልዲ ነው። ይክደኑት። ካልተከደነ ቀንና ሌሊት ይተናል፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የቆመ በርሜል ደግሞ ከኋላው አየር ስለማይደርስ የመጀመሪያው ሻጋታ እዚያ ይጀምራል። አንድ ስንዝር ያርቁት። ከታጠቡ በኋላ ግድግዳውንና ወለሉን በውሃ መጥረጊያ ጎማ ወደ መውረጃው መግፋት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ እኔ ቤት ይህ የልጆቹ ሥራ ነው።

ማጽዳቱን በተመለከተ፣ የሻገተው ቦታ በጠቅላላው ከአንድ ካሬ ሜትር ገደማ በታች ከሆነ ራስዎ ማጽዳት ይችላሉ። ከዚያ ከበለጠ ወይም ልስኑ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ከሆነ አይንኩት፤ ሲፈርስ ዘሩ ቤቱን ይሞላዋል። በሚያጸዱበት ቀን ልጁ ቤት ውስጥ አይኑር። ጓንት ያድርጉ፤ ተራው የጨርቅ ማስክ ብዙ አይረዳም፤ ኤን 95 ከተገኘ እሱን ያድርጉ። ሻጋታውን ደረቁን አይቦርሹት፤ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ያርሱት።

ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ላቫንዲን ከሆነ በሳሙና ፈትገው ካጠቡ በኋላ አንድ ብርጭቆ በረኪና በአራት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይቀቡት፤ አሥር ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ከዚያ አጥበው ያድርቁት። መጠኑን ማብዛት የተሻለ አያጸዳም፤ ሳንባዎን ነው የሚጎዳው። የተቀባ ልስንና ስታኮ (ከቀለም በፊት ግድግዳውን ለማለስለስ የሚለቀለቀው) ግን ሌላ ነው። በረኪናው ከላይ ያለውን ያነጣዋል፤ ውሃው ግን ወደ ውስጥ ሰርጎ ሥሩን ያጠጣዋል። በየሦስት ሳምንቱ ያደረጉት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ግድግዳ ላይ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ እየጠረጉ፣ ጨርቁን እየቀያየሩ ያንሱት፤ ጨርቆቹን በፌስታል አስረው ይጣሏቸው። በሴራሚኩና በወለሉ መጋጠሚያ ያለው ሲሊኮን ከጠቆረ በማጽዳት አይለቅም፤ በምላጭ ተነሥቶ ቦታው ከደረቀ በኋላ በአዲስ ይተካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሽንት ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በጭራሽ አይቀላቅሉ፤ በአንድ ቀን አንዱን ካንዱ በላይ እንኳ አያፍስሱ። የሚወጣው ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። አሲዱን ሽንት ቤቱ ላይ አፍስሰው፣ በረኪናውን ግድግዳው ላይ ሲያፈሱ ታፍነው ሆስፒታል የገቡ ደንበኛ አሉኝ።

ቀለሙን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አሁን አይቀቡ። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ውሃውን ያፍነዋል፤ የዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ ይነፋል፤ ከሥሩ ሻጋታው ይቀጥላል። ምንጩ ከተዘጋ በኋላ የራሰ ብሎኬት እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስዳል። ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ለዚህ ምርጥ ጊዜ ነው። ያኔ የላላው ስታኮ ተፍቆ ይነሣ፤ በመታጠቢያ ቤት በኩል ስታኮ ጨርሶ ባይደረግ እመርጣለሁ፤ የሲሚንቶ ልስን እርጥበትን ይችላል። ፀረ ሻጋታ ቀለም የሚባለውም የሚጠቅመው በደረቀ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ነው።

አሁን ወደ ባለቤቱ። ሙከራዎቹን ያስቀደምኩት ለዚህ ነበር። «መስኮት አትከፍቱም» እና «ቤትዎ ያፈሳል» ተባብሎ መከራከር ጉንጭ ማልፋት ነው፤ የላስቲኩና የቆጣሪው ፎቶ በእጅዎ ካለ ግን የሚያከራክር ነገር አይኖርም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚሆን ሁኔታ የማቆየትና ዋና ዋና ጥገናዎችን የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ተከራይ ደግሞ በጥንቃቄ የመያዝና ጉዳት ሲያይ ለአከራዩ የማሳወቅ። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የአከራይ ነው። የእንፋሎቱ ሻጋታ የእርስዎ ነው፤ የአየር ማስወጫው ከመጀመሪያውም የማይሠራ ከሆነ ግን እሱን ማስተካከል የባለቤቱ ነው። ውሃው ከላይ ወይም ከዋናው የጋራ መስመር የሚመጣ ሆኖ ከተገኘ፣ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆኑ የሕንፃው ክፍሎች የሚጠበቁት በባለቤቶቹ ማኅበር በኩል ነው፤ ማኅበሩን የሚያናግሩት ደግሞ አባል የሆኑት አከራይዎ ናቸው።

ከደወሉላቸው በኋላ በጽሑፍም ይላኩላቸው፤ በቴሌግራምም ቢሆን። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? የመታጠቢያ ቤቱን ጉዳይ ባሉን መሠረት አይተነዋል። ጣሪያው ላይ ያለው ከእንፋሎት ስለሆነ እሱን እያናፈስን፣ እያጸዳን ነው። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ግን ላስቲክ ለጥፈን ስናየው ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ውሃ ሆነ፤ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶም ቆጣሪው ይዞራል። ፎቶዎቹን ልኬያለሁ። ቤትዎም ይጎዳል፤ ልጃችንንም እያሳለው ነው። እስከ መጪው እሑድ ድረስ የቧንቧ ባለሙያ ይዘው ቢመጡልን፤ ካልተመቸዎት እኛ እናምጣና ወጪው ከኪራዩ ይታሰብልን፤ የተስማሙበትን በጽሑፍ ይመልሱልኝ።» የእርስዎን ድርሻ አስቀድመው ማመንዎ ሌላውን ለመስማት ጆሯቸውን ይከፍታል። የኪራዩን ገንዘብ ግን ሳይስማሙ በራስዎ አይቀንሱ፤ ያኔ ወሬው ከሻጋታው ወጥቶ ወደ ኪራይ መክፈል አለመክፈል ይሄዳል።

አቤቱታ ካነሳሁ ያስወጡኛል ብለው ከፈሩ፣ ውልዎ መመዝገቡን ይመልከቱ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው ብለዋል፤ ስለዚህ ውሉን የምታድሱበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። የጥገናው ነገር በአዲሱ ውል ውስጥ በአንድ መስመር ይግባ፤ የቤቱ ሁኔታም በዚያ ቀን በፎቶ ይያዝ።

ልልቀቅ ወይ ላሉት፦ ቧንቧ ከሆነና ባለቤቱ ከጠገኑት ለመልቀቅ ምክንያት የለም፤ ደህና ቤት ነው። መልእክትዎ ደርሷቸው አንድ ወር ሙሉ ካልመጡ፣ ወይም ሐኪሙ የልጁን ሳል ከቤቱ ጋር ካያያዘው፣ እኔ እለቅ ነበር። ወደ ሌላ ቤት ከሄዱ ደግሞ ቤቱን ጠዋት ማልደው ይዩ፤ የሌሊቱ ጤዛ ገና ሳይደርቅ። ቁም ሳጥን ካለ ከኋላው እጅዎን ያስገቡ፤ አዲስ ቀለም የተቀባ መታጠቢያ ቤት ካዩ መቼና ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ።

ላስቲኩን ዛሬ ማታ ይለጥፉት። ከነገ ወዲያ ሲያነሱት ውሃው በየትኛው ገጽ እንደነበርና ቁም ሳጥኑ የቆመበት ጥግ የውጭውን ግድግዳ ይነካ አይነካ እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ የቧንቧ ሠራተኛው የትኛውን ሴራሚክ ቀድሞ ማንሳት እንዳለበት ከዚያ ተነሥቼ እነግርዎታለሁ።